የዳነው ሸማኔ

ሲላስ ቤት ሊከራይ ወደ ግቢዬ የመጣ ዕለት የጠየቀኝ ስለ መብራትም ስለ ውኃም አልነበረም። አንገቱን በበሩ አስገብቶ ወለሉን አየና «ጋሼ፣ ይህ አፈር ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ሲሚንቶ አለው?» አለኝ።

«አፈር ነው። ዘንድሮ ሲሚንቶ ላስለብሰው አስቤያለሁ» አልኩት።

«እባክዎ እንዳያስለብሱት። ጉድጓድ ልቆፍርበት ነው።»

ባለቤቱ ገነት ከኋላው ቆማ ሳቀች። «አይደንግጡ ጋሼ፤ ሰው ሊቀብርበት አይደለም። ሸማኔ ነው» አለችኝ።

ይህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ።

ቡራዩ ውስጥ ሸማኔ ብርቅ አይደለም። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ሰዎች በየግቢው አሉ። በማለዳ ወደ ገፈርሳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው የሥራቸውን ድምፅ ከየቤቱ ይሰማል። ሸማኔ ወለሉ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። ከታች እግሮቹ መርገጫውን በየተራ ይረግጣሉ፤ ከላይ እጆቹ ማጉን በድሩ መሐል ይወረውራሉ። እግሩን አያየውም። እግሩ ራሱ ያውቃል።

ሲላስ ከሌሎቹ የሚለየው በጥለት ነበር። በነጠላና በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚወርደውን ባለ ቀለም ጥለት ማንም ሸማኔ ይሠራል፤ እሱ ግን አንድ ጊዜ ያየውን ጥለት አይረሳም። ወረቀት ላይ አይስል፣ ናሙና አይዝ። ስንት ክር እንደሚነሣ፣ ስንቱ እንደሚታለፍ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ እንደ መዝሙር በውስጡ ይዞት ይመጣል። እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ቀሚስ ላይ ያየውን ሰኞ ጠዋት ሲሠራው አገኘው ነበር።

«ባሌ ጸሎት ቤት የሚሄደው የሴት ቀሚስ ሊያይ ነው» ትል ነበር ገነት፣ ቀሰም ላይ ክር እያጠነጠነች።

«ጫፉን ብቻ ነው የማየው» ይላል እሱ ከጉድጓዱ ሆኖ።

«እሱንማ የሚያውቀው ጌታ ነው።»

እኔ የተዋሕዶ ሰው ነኝ፤ እነሱ ጴንጤ ናቸው። በዚህ ነገር በመካከላችን ክፉ ቃል ተነግሮ አያውቅም። በዐቢይ ጾም ገነት ሥጋ ስትሠራ በሯን ትዘጋ ነበር። ለእኔ ብላ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ አንድም ቀን ግን አንሥተነው አናውቅም።

ሳሉ የጀመረው በክረምት ነው። «የጥጥ ብናኝ ነው» አለ። ሸማኔ ሁሉ ሲያስለው ጥጡን ይከሳል። መስከረም ሲጠባ ደም አየ፣ ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ቲቢ ነው ተባለ። የስድስት ወሩን መድኃኒት አንድ ቀን ሳያጎድል ጨረሰ፤ አልዳነም። አክታው ከተማ ተልኮ ሲመረመር መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ሆኖ ተገኘ፤ የተለመደው ክኒን የማይገድለው ዓይነት ማለት ነው። ጥቂት ሳምንታት ሆስፒታል ተኝቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄደ፣ በነርስ ፊት እፍኝ ሙሉ ክኒን እንዲውጥ ታዘዘ።

ከክኒኖቹ አንዱ ቆዳ ያጠቁራል። ቀይ ዳማ የነበረው የሲላስ ፊት ጥላሸት የተቀባ መሰለ፤ ሰውም በሽታውን ከፊቱ ያነበው ጀመር። ገነት ወደ ቧንቧው ስትመጣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ራቅ ያደርጉ ነበር። የማዕዘኑ ባለ ሱቅ መልሷን በእጇ መስጠት ትቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥላት ጀመር። ከጸሎት ቤታቸው የሚመጣው ዮአብ ብቻ ነበር። ዮአብ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነው፤ ሥራው ግንበኝነት ነው፣ ድምፁ ሦስት ግቢ ያልፋል። እሱም ቢሆን በሩ ላይ ቆሞ ይጸልይለትና ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ዕድላዊት ትባላለች። ታማሚዎቿን ኦሮሞውንም አማራውንም ጋሞውንም በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ እያለች ነው የምትቀበለው። በመጀመሪያው ቀን አንዷን ክኒን ለይታ መዳፏ ላይ አድርጋ ለሲላስ አሳየችው።

«ይህችን በደንብ እያት። ሳንባህን የምታድንልህ እሷ ናት፤ ግን እግርህንና ዓይንህን ልትነካ ትችላለች። እግርህ ቢቃጠል፣ ቀለም ቢምታታብህ በዚያው ቀን ንገረኝ። ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል፤ ከቆየ ግን አይመለስም።»

ሲላስ ሳቀ። «ሲስተር፣ እኔ እኮ እንጀራዬ ቀለም ነው።»

«እንግዲያው ከእኔ ቀድመህ የምታውቀው አንተ ነህ» አለችው።

እውነቷን ነበር። ቀድሞ ዐወቀ።

በየወሩ ዓይኑን ትመረምረው ነበር። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ትልልቅና ትናንሽ ምልክቶች ያሉበትን የወረቀት ሰሌዳ ታስነብበዋለች። ቀጥላ በትናንሽ ባለ ቀለም ነጠብጣቦች የተሞላ መጽሐፍ ትከፍትለታለች፤ በነጠብጣቦቹ መሐል ቁጥር ተደብቋል። ቀለም በትክክል የሚለይ ዓይን ቁጥሩን ያየዋል፤ የማይለይ ዓይን ነጠብጣብ ብቻ ያያል። ሲላስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉንም አነበበላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አክታው ንጹሕ ሆኖ መጣ፤ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። ዕድላዊት ጠራችውና «ከእንግዲህ ወደ ሰው አታስተላልፍም። መድኃኒቱ ግን ገና ነው፤ ብዙ ይቀርሃል» አለችው። ሲላስ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ይመስለኛል።

እነሱ ዘንድ የዳነ ሰው እሑድ ቀን በጉባኤው ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ዝም ካለ እንደ ውለታ ቢስ ይቆጠራል። ሲላስም ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደና ማይኩን ያዘ። እኔ አልነበርኩም፤ የተናገረውን ገነት ነግራኛለች።

«ጌታ ሳንባዬን አጥቦታል» አለ። «ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ በሽታ የሚባል ነገር የለብኝም! ሐኪምም መስክሯል!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ዮአብ ከመድረኩ ወርዶ አቀፈው፤ ያ በሩ ላይ ቆሞ ይጸልይ የነበረው ሰው አንገቱን አቅፎ ሳመው። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ግቢዬ በሰው ሞላ። ጀሪካናቸውን ያርቁ የነበሩት ሴቶች ዳቦ ይዘው መጡ፣ በገነት ኩባያ ሻይ ጠጡ። አንዷ «ይቅር በይን» ብላ ጉልበቷን ስትይዛት ገነት አለቀሰች። ሲላስ በሰው መሐል ተቀምጦ ይስቅ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም።

ዮአብ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛ ሁሉ ወደ ሲላስ ያመጣ ጀመር። አንድ ጊዜ ይህንኑ የተላመደ ቲቢ የያዛት ሴት ከሰበታ ድረስ አመጣ። ክኒኑ ሆዷን እየገለበጠው ልታቋርጥ አስባ ነበር። «ይኸው፣ ይህን ሰው እዪው!» አላት ዮአብ። ሲላስም ክንዱን ዘርግቶ አሳያትና «እህቴ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም፤ አንቺም ምንም አትሆኚም» አላት። ሴትዮዋ ተጽናንታ ሄደች።

እሱ ግን በዚያው ሰሞን እግሩ መቃጠል ጀምሮት ነበር።

አንድ ቀን ከቤቱ ጓሮ ሁለት እግሩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ አገኘሁት። «ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ሙቀቱ ነው፣ ጋሼ።»

«በሐምሌ?»

«የእኛ የደጋ ሰዎች እግር ሙቀት አይችልም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ጫማው ውስጥ ፍም የተጨመረበት ያህል ነበር የሚሰማው። ከዚያ ቃጠሎው እየቀነሰ ሄደ፤ ደስ አለው። ቃጠሎው የቀነሰው ግን እግሩ እየደነዘዘ ስለሄደ ነበር። አንድ ማለዳ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ የአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ቀርቶበት ሳያውቅ ቤቱ ድረስ መጣ። ገነት «ጫማህስ?» ስትለው ነው ወደ እግሩ ያየው።

ቀጥሎ ቀይና አረንጓዴ ተቀራረቡበት። ሁለቱም ደብዝዘው ወደ አንድ ዓይነት ቡናማ ወረዱ። «ዛሬ ደመና ነው» ይል ነበር ለራሱ፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ «ክሩ ነው፤ የዘንድሮ ክር ቀለሙ አይረባም» ይላል።

ሀብተወልድ የሚባል የባህል ልብስ ነጋዴ አለ። መንዜ ነው፤ ሱቁ አዲስ አበባ ነው፤ ጥለት ለሲላስ ካልሆነ ለሌላ ሸማኔ አይሰጥም። ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ቀይ አበባ ከአረንጓዴ ቅጠሉ ጋር አዝዞ ነበር። ሊወስድ መጥቶ ዘረጋው።

«ሲላስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥለት ነው።»

«ጥለትነቱንማ አየሁ። ቅጠሉ ቀልቶ አበባው አረንጓዴ የሆነበት ተክል የት ነው የሚበቅለው? ጨንቻ ነው ወይስ ቡራዩ?»

ሲላስ ደነገጠ፤ ግን ቶሎ ሳቀ። «አዲስ ሞዴል ነው።»

«ሞዴሉን አንተ ልበሰዋ! ሙሽራዋ እኮ አማት አላት!»

ሁለቱም ሳቁ። ሀብተወልድ ሌላ እንዲሠራለት አዝዞ ሄደ። ገነት ግን አልሳቀችም። ክሩን አጠንጥና በእጁ የሰጠችው እሷ ናት፤ የትኛውን መቼ እንደሰጠችው ታውቃለች። ሰውየው ከግቢው እንደወጣ ሁለት ቀሰም ፊቱ አስቀመጠች።

«ቀዩን አንሣልኝ» አለችው።

አነሣ።

«ይሄ አረንጓዴ ነው፣ ሲላስ።»

ሲላስ ቀሰሙን መልሶ አስቀመጠው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ነው። ይመለሳል።»

«ነገ ለሲስተር ትነግራታለህ።»

«ገነት፣ ስሚኝ። ከነገርኳት ክኒኗን ታቋርጥብኛለች። በፊት ምን ነበር የሚሉን? ካቋረጣችሁ በሽታው ጠንክሮ ይነሣል አላሉም? እንደገና ደም ልትፋ ነው የምትፈልጊው?»

«ንገረኝ ያለችህ እሷው አይደለችም እንዴ?»

«ሰዉስ? ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ብዬ ማይክ ይዤ ተናግሬያለሁ። ያቺ የሰበታዋ ሴት ብትሰማ ክኒኗን ትጥላለች። ጌታን ውሸታም ላደርገው ነው?»

«ጌታ በአንተ ዓይን የተነሣ ውሸታም አይሆንም!»

«ጨርሼ ልዳን፤ ከዚያ እናገራለሁ። እስከዚያ ታገሺኝ።»

ታገሠችው። ስለዚህ ስትነግረኝ «እኔም ሰው ቤቴ ገብቶ ሻይ ሲጠጣ ማየት ናፍቆኝ ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩን ቀሰም በስተቀኙ፣ አረንጓዴውን በስተግራው አድርጋ ታስቀምጥለት ነበር። እሱም ቀለሙን ሳያይ በቦታው እያነሣ ጥለቱን ከራሱ አውጥቶ ይሠራል። ሥራው አልተበላሸም። ሀብተወልድም «በቃ፣ አዲሱን ሞዴል ተውከው?» እያለ ይስቅበት ነበር።

የጤና ጣቢያውን መጽሐፍም ያለፈው በዚሁ ዘዴ ነው። ቁጥሮቹን ላጥና ብሎ አላጠናቸውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ዓይኑ ደኅና ሳለ፣ ገጾቹን አይቷቸዋል፤ ያየውን ደግሞ አይረሳም። ዕድላዊት ሁልጊዜ ከፊተኛው ገጽ ጀምራ በተራ ነበር የምትገልጥለት። እሱ ከፊቱ ያለውን ነጠብጣብ እያየ፣ በውስጡ ያለውን ቁጥር ይነግራታል። አንዱን ጥለት ከሌላው ቀጥሎ እንደ መሥራት ነበር ለእሱ። ትክክል ሲሆን ጊዜ «ዓይንህ ከእኔ ዓይን ይሻላል» ትለው ነበር። የግድግዳውን ሰሌዳም ጥቂት ወራት እንዲሁ አለፈው።

ይህን ሳስብ አዝናለሁ። ያን የመሰለ ራስ እግዚአብሔር የሰጠው ሰው ነው፤ የተጎዳበትም በዚያው ነው።

የተያዘው ሰሌዳው ተቀድዶ አዲስ የተሰቀለ ዕለት ነው። የምልክቶቹ ተራ ተለውጧል። ሲላስ የድሮውን ተናገረ። ዕድላዊት አንዴ እሱን አንዴ ሰሌዳውን አየች፤ መጽሐፉን አነሣችና ከመጨረሻው በኩል ከፈተችው።

«ስንት ነው?»

ሲላስ የመሰለውን ገመተ። «አርባ ሁለት።»

«እዚህ ገጽ ላይ ቁጥር የለም።»

ሲላስ ወደ ገጹ ጠጋ አለ።

«ጠማማ መስመር ነው ያለው። በጣትህ ተከተለው።»

ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ። አላንቀሳቀሰውም።

ዕድላዊት ተነሥታ በሩን ዘጋችና ተመልሳ ተቀመጠች። «ስንት ጊዜህ ነው?»

«ወራት ሆኖኛል።»

«እና እኔ በየወሩ እዚህ ተቀምጬ ጎበዝ እልሃለሁ!» አለች። «ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«ክኒኑን ታቋርጪብኛለሽ ብዬ ነው።»

«አዎ፣ አቋርጠው ነበር። በሌላ እተካልህ ነበር። ሌላ መድኃኒት አለ እኮ!»

«ሌላ አለ አላልሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም፣ ሲላስ።»

ክኒኗ በዚያው ቀን ቆመች፤ በምትኳ ሌላ ተሰጠው። ከተማ ወደሚገኝ የዓይን ሐኪም ላኩት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጊዜ ወስዶ አስረዳው። በዓይንና በአንጎል መካከል ያለው ነርቭ ተጎድቷል፤ ጠብቅ፣ ጥቂት ሊመለስ ይችላል፤ ከመንፈቅ በኋላ ያልተመለሰው ግን አይመለስም አለው።

ዮአብ ነገሩን ሲሰማ በጭቃ ልብሱ ከሥራ ሮጦ መጣ። በሩ ላይ አልቆመም፤ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ትልቅ ነው ብያለሁ፤ የተናገረውን ሁሉ ሰማሁት።

«ማነው ደብቅ ያለህ? እኔ ነኝ? ጌታ ነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«ስለ ሳንባህ መስክር ብንልህ ስለ እግር ጥፍርህ ምን አስገባህ!»

«እልልታው ጥሩ ነበር፣ ወንድም ዮአብ» አለ ሲላስ።

ዮአብ ከዚያ በኋላ ጮኾ አልተናገረም። ሲወጣ እኔን ሰላም ሳይለኝ ሄደ። ክፋት አልነበረበትም፤ ፊቱን ማሳየት አልፈለገም።

መንፈቁ አለፈ። መሐሉ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ሲላስ «ዛሬ የተሻለኝ ይመስለኛል» ብሎ ነበር፤ ከዚያ እሱንም ማለት ተወ። ወደ ጎን ሲያይ የሰው ቅርጽ፣ የበር ቅርጽ ያያል። ፊት ለፊት የሚያየው ነገር መሐሉ ጭጋግ ነው፤ ክር አይታየውም፣ የሰው ፊት አይለይም። ሰው ሲያየው ግን ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ጠርቶ ተገልጧል። የማያውቀው ሰው ምንም አይጠረጥርም።

በዚያው ጊዜ ሕክምናውን ጨረሰ። የመጨረሻውን አክታ ሰጠ፣ ንጹሕ ሆነ፤ ዕድላዊት መዝገቡ ላይ «ድኗል» ብላ ጻፈች። ሳንባው ግን ጠባሳ ቀርቶበታል፤ ከዋናው መንገድ እስከ ግቢያችን ያለችውን ዳገት ሁለት ቦታ ሳያርፍ አይወጣትም። ፊቱ እየቀላ ቢመጣም እሱ አያየውም፤ የነገረችው ገነት ናት።

ገነት ሥራ ገባች። መናገሻ አካባቢ ካለ አበባ እርሻ ተቀጥራ ጽጌረዳ በየቀለሙ ትለያለች። ስትመለስ ስለ ሥራዋ አትነግረውም፤ እሱም አይጠይቃትም።

እሱ ቀኑን በሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከጎረቤት ሸማኔዎች አንዱ ዲኖ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ምላሱ አያርፍም። አንድ ቀን ሲያልፍ «ሲላስ፣ ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተህ ፊደል ልትቆጥር ነው አሉ?» አለው።

«አንተን አስቀድሜ ላስመዘግብ ነው» አለው ሲላስ። «ዓይንህ እያየ አታነብ።»

ዲኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ አፉ አልሞተም አልኩ። ዲኖ ካለፈ በኋላ ግን ሲላስ ቤት ገብቶ እስኪመሽ አልወጣም።

ከዚያ ጋቢ ልሥራ አለ።

«ጋቢ ነጭ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ቀለም አይፈልግም። እጄ አልጠፋ፤ እጄ ያውቀዋል። እግሬም ቀስ ብሎ ያስታውሳል።»

እውነት መሰለኝ። በሀገሩ አባቱ በስተርጅና፣ ዓይኑ ፈዞ፣ ጋቢ ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። ገነት ድሩን ከሌላ ሸማኔ ጋር አዘጋጀችለት፤ አንድ ማለዳ የሥራውን ድምፅ እንደገና ከቤቱ ሰማሁ። ደጄ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ድሮ ድምፁ አይቋረጥም ነበር። አሁን ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ያቆማል። አንድ ጊዜ ይመታል፣ ረዥም ጊዜ ያቆማል። እግሩ የትኛው መርገጫ ላይ እንዳረፈ ስለማይሰማው በእጁ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ እየዳሰሰ ነበር። ክር ሲበጠስ መቋጠር አይችልም፤ ገነት ከሥራ ስትመለስ ትቋጥርለታለች፣ ሳታገኘው የምታልፈውም አለ። ድሮ በጥቂት ቀን የሚያወርደው ጋቢ ወር ከምናምን ፈጀ።

አለቀ። ሲላስ ተላጨ፣ ያችኑ የእሑድ ሸሚዙን ለበሰ፣ ሀብተወልድን አስጠራ። ሀብተወልድ የዓይኑን ነገር አልሰማም። የሚያውቀው ታምሞ እንደ ዳነና ለማገገም ከሥራ እንዳረፈ ብቻ ነው፤ ሲላስም እንዳትነግረው ገነትን አስጠንቅቋታል።

«እሱ ከተቀበለው በቃ፣ ሸማኔ ነኝ» አለኝ። «ካልተቀበለው… ጋሼ፣ ሲመጣ አብረውን ይሁኑ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሀብተወልድ እንደ ልማዱ እየቀለደ ገባ፣ ሲላስን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ወፍረሃል እኮ! ቲቢ ነው ወይስ ቅቤ ነው የያዘህ?» አለው። ተሳሳቁ። ከዚያ ጋቢውን አንሥቶ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወሰደውና ዘረጋው። ጫፉን በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ ዳር ዳሩን ሄደበት። ቀልዱን ተወ።

«ሲላስ፣ ይህን ማን ነው የሠራው?»

ሲላስ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ገነት ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አንድ ልጅ ነው» አለ ሲላስ። «እኔ ጋ የሚለማመድ።»

«እንዲያ በለኝ! እኔማ ደንግጬ ነበር። ጠርዙን እየው፤ ይገባል ይወጣል። እዚህ ጋ ጠብቋል፣ እዚህ ጋ እንደ ወንፊት ሳስቷል። ክር ተበጥሶ ታልፏል፤ እዚህ፣ እዚህም። አይታይህም?»

«አይቼዋለሁ» አለ ሲላስ።

«ብዙ ጊዜው ነው?»

«ጀማሪ ነው።»

«እውነቱን ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። ይህ የመጀመር ነገር አይደለም። እጅ የለውም። አንተ ሰው ማስቀየም አትወድም፣ ዝም ትለዋለህ፤ ልጁ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሌላ ሥራ ይፈልግ። ዛሬውኑ ንገረው።»

«እነግረዋለሁ» አለ ሲላስ።

ሀብተወልድ ጋቢውን በሥርዓት አጥፎ አልጋው ላይ አስቀመጠ። ለበዓል ጥለት እንደሚፈልግ፣ ሲላስ ሲበረታ እንዲያስጠራው ተናገረ፤ እኔን ጎንበስ ብሎ «ደኅና ይዋሉ፣ አባቴ» አለኝና ወጣ።

ሲላስ የሀብተወልድን የእግር ድምፅ እስከ ግቢው በር ድረስ አዳመጠ።

«ሄደ?» አለኝ።

«ሄዷል» አልኩት።

«ገነት፣ ዲኖን የሽመናውን ዕቃ ይውሰደው በዪው።»

ቅዳሜ ዲኖ ጋሪ ይዞ መጣ። በዚያ ቀን አንድ ቃል አልቀለደም። የሽመናውን ዕቃ ገመድ ሊበጥስ ቢላዋ ሲያወጣ ሲላስ እጁን ያዘውና ወደ ጎን አደረገው። በርከክ ብሎ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየፈለገ ራሱ ፈታለት። ረዥም ጊዜ ወሰደበት፤ እኛም ቆመን ጠበቅነው።